ከእርሳስ ነፃ የሰርኪዩት ቦርድ ብየዳ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ከእርሳስ ነፃ ብየዳ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ከሰርኪዩት ቦርድ ጋር እርሳስ በሌለበት ቅይጥ የማያያዝ ዘዴ ነው። ቅይጡ በአብዛኛው ቆርቆሮ ሲሆን ጥቂት መዳብ፣ አንዳንዴም ጥቂት ብር ይገባበታል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ስልኮች፣ ቻርጀሮችና የፀሐይ ኃይል መብራቶች በአብዛኛው በዚህ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ዕቃዎች በሚጠገኑበት ጊዜ የሚያጋጥሙትን የብየዳ ችግሮች፣ መንስኤያቸውንና መፍትሔያቸውን ያብራራል። ለማሳያነት የተወሰደው የአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ሰቆጣ ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም ከ2,200 ሜትር ያልፋል። ርቀቱ የተበላሸ ቦርድን በአዲስ መተካትን ከባድ ያደርገዋል፤ ከፍታው ደግሞ ከታች እንደሚታየው በሞቃት አየር ብየዳ ላይ የራሱ ተጽዕኖ አለው።

ስለ ቃላቱ

በዚህ ርዕስ ላይ ሦስት ቃላት አንባቢን ሊያሳስቱ ይችላሉ። የመጀመሪያው «እርሳስ» ነው። ተማሪ በሚጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፤ እዚህ እርሳስ የሚባለው ግን ከባዱ፣ ለስላሳውና መርዛማው ማዕድን ነው። ሁለተኛው «ቆርቆሮ» ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። የብየዳው ቆርቆሮ ግን ራሱን የቻለ፣ በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀልጥ ነጭ ማዕድን ነው። ሦስተኛው የሱቅ ቃል ነው። በጥገና ሱቆች የብየዳ ሽቦ «ሊድ» ሲባል ይሰማል፤ ሊድ ደግሞ በእንግሊዝኛ እርሳስ ማለት ነው። ስለዚህ እርሳስ የሌለበት ሽቦም ሳይቀር «ሊድ» እየተባለ ሊሸጥ ይችላል፤ «ሊድ ስጠኝ» ያለ ደንበኛ ከሁለቱ የትኛው እንደተሰጠው ላያውቅ ይችላል። ልዩነቱን የሚነግረው በጥቅሉ ላይ ያለው ቁጥር ነው። 63/37 ወይም 60/40 የሚል ከሆነ እርሳስ አለበት። 99.3 ወይም 96.5 የሚል ከሆነ ቁጥሩ የቆርቆሮውን መጠን በመቶኛ ያመለክታል፤ ቀሪው መዳብ ወይም ብርና መዳብ ነው።

ከዚህ በታች «ካውያ» የሚባለው የብየዳ ካውያ እንጂ የልብስ አይደለም። «ፓድ» ደግሞ የክፍሉ እግር የሚያርፍበት በቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ የመዳብ ቁራጭ ነው።

ከየት መጣ

ለረጅም ዘመን የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ የሚሠራው 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ባለው ቅይጥ ነበር። ይህ ቅይጥ በ183 ዲግሪ በአንዴ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም በአንዴ ይጠጥራል፤ ለሠራተኛ እጅ እጅግ የተመቸ ነው። ይሁን እንጂ የተጣሉ ቦርዶች ውስጥ ያለው እርሳስ ወደ አፈርና ወደ ውሃ መግባቱ አሳሳቢ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት «ሮህስ» በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን መመሪያ አወጣና ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2006 (ሰኔ 24 ቀን 1998 ዓ.ም.) ጀምሮ አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ከእርሳስ ነፃ እንዲሆኑ አስገደደ። ፋብሪካዎች ለአውሮፓ አንድ፣ ለሌላው ዓለም ሌላ መስመር መዘርጋት ስለማያዋጣቸው ለውጡ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡትንም ዕቃዎች አዳረሰ።

አዲሶቹ ቅይጦች በዋናነት ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሳክ 305» የሚባለው 96.5 በመቶ ቆርቆሮ፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ ያለው ሲሆን ከ217 ዲግሪ ጀምሮ እስከ 220 ዲግሪ ባለው መካከል ይቀልጣል። ሁለተኛው ብር የሌለበት፣ 99.3 በመቶ ቆርቆሮና 0.7 በመቶ መዳብ ያለው ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፣ የሚቀልጠው ግን በ227 ዲግሪ ነው። ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸሩ ልዩነቱ 34 እና 44 ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ ሁለቱም ሲቀልጡ እንደ ቀድሞው በመዳብ ላይ በቀላሉ አይዘረጉም፤ ሰብሰብ ማለት ይወዳሉ። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ከእነዚህ ሁለት ባሕርያት ነው፤ የቀረው ደግሞ ሠራተኛው በእርሳሱ ዘመን የለመደውን እጅና ዓይን ይዞ አዲሱን ቦርድ በመንካቱ የሚመጣ ነው።

አንድ ቦርድ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ከሁሉ አስቀድሞ ጽሑፉ ይታያል። በክብ ውስጥ የተሰረዘ የእርሳስ ምልክት ወይም «ሮህስ» የሚል ጽሑፍ ካለ ከእርሳስ ነፃ ነው። ምልክት ከሌለና ሙቀቱ የሚስተካከል ካውያ ካለ ካውያውን 200 ዲግሪ ላይ አድርጎ ትንሽ ብየዳ መንካት ይቻላል። እርሳስ ያለበት ይለሰልሳል፤ የሌለበት ምንም አይሆንም። ሙከራው ትንሽ ብየዳ ላይ መሆን አለበት፤ ሰፊ መዳብ ላይ ያለ ብየዳ ሙቀቱን ስለሚስብ ሁለቱም ዓይነት እምቢ ሊሉ ይችላሉ። የቆየ ሬዲዮ ከሆነና ከ1998 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ከሆነ እርሳስ እንዳለበት መገመት ያስኬዳል።

የሙቀት ማነስ

«አልቀልጥ አለኝ» የሚለው ቅሬታ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦው ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ መብራት በ220 ቮልት የሚሠራ ነው። ሙቀት መቆጣጠሪያ የሌለው ተራ ካውያ የሚሰጠው ኃይል ከቮልቱ ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከቮልቱ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወርዳል። በ220 ቮልት 60 ዋት የሚሰጥ ካውያ ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የሚሰጠው 40 ዋት ያህል ብቻ ነው። 160 ሲደርስ ከ32 ዋት አይበልጥም። ቮልቱ የቀነሰው ከሩብ በጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ሙቀቱ ግን በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም። በእርሳሱ ዘመን ይህ ብዙም አይታወቅም ነበር፤ 183 ዲግሪ ለመድረስ የተረፈው ኃይል ይበቃል። ለ227 ዲግሪ ግን አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት በደንብ የሠራ ካውያ ሁሉም ቤት ምድጃና አምፖል በሚለኩስበት ምሽት ላይ «ሊዱ መጥፎ ነው» ያሰኛል። ካውያው ተሰክቶ እየሠራ ሳለ የሶኬቱን ቮልት በመልቲሜትር መለካት ጥርጣሬውን በአንድ ደቂቃ ይፈታዋል። ቮልቱ የወረደ ከሆነ መፍትሔው ስታቢላይዘር፣ ወይም ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠርና የተጠባባቂ ኃይል ያለው ካውያ፣ ወይም ሁለቱም ከሌሉ ሰፊ መዳብ ያለበትን ሥራ ቮልቱ ደህና ወደሚሆንበት ሰዓት ማቆየት ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ማነስ ምክንያት የጫፉ ቅርጽ ነው። ትንሽ ክፍል የሚበይድ ሰው መርፌ የመሰለ ቀጭን ጫፍ መምረጡ የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን መርፌው ከፓዱ ጋር የሚነካካው በነጥብ ብቻ ስለሆነ ሙቀት አያሻግርም። መሮ የመሰለ ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ስፋቱ ከፓዱ ጋር የሚቀራረብ፣ በዝቅተኛ ዲግሪ የተሻለ ይሠራል።

ሦስተኛው ቦርዱ ራሱ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭና የዩኤስቢ መሰኪያው ቅርፊት ብዙ ጊዜ ከሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ንጣፉ ሙቀቱን እየጠጣ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ካውያውን 450 ዲግሪ ማድረስ ያጓጓል፤ ግን ፍላክሱ ሥራውን ሳይሠራ ይቃጠላል፣ ፓዱም ከቦርዱ ይላቀቃል። የሚሻለው ቦርዱን ከሥሩ በብሎወር እስከ 100 ወይም 120 ዲግሪ ቀስ ብሎ ማሞቅና ከዚያ ካውያውን በ350 እና በ370 ዲግሪ መካከል መጠቀም ነው። ለተራ ብየዳ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከፈጀ የጎደለው ትዕግሥት ሳይሆን ሙቀት ማሻገሪያ ነው፦ ወይ ጫፉ ቀጭን ነው፣ ወይ ጫፉ ጠቁሯል፣ ወይ ፍላክስ የለም።

ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

በደጋ ባቄላ ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅ ባለቤቶቹ ያውቁታል፤ ውሃው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ነው። በሰቆጣ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ብየዳም በደጋ ቀድሞ ይቀልጣል» ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። መፍላት በአየር ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የማዕድን መቅለጥ ግን በዚህ መጠን ባለ የግፊት ልዩነት አይለወጥም። ሳክ 305 በምፅዋም በሰቆጣም በ217 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል።

ለውጡ ያለው ብሎወሩ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ በተመሳሳይ ዲግሪና በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍስ አየር ወደ ቦርዱ የሚያደርሰው ሙቀት ያንሳል። በብሎወሩ መስኮት ላይ የሚታየው ቁጥር የአየሩን ሙቀት እንጂ የቦርዱን አይናገርም። የስልክ ጥገና ትምህርት በቪዲዮ የሚከታተል ሰው «350 ዲግሪ፣ 40 ሰከንድ» የሚለውን ቃል በቃል ተከትሎ ቺፑ ካልተነሣለት፣ ዲግሪውን ከመጨመር ይልቅ የአየሩን ፍሰት በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ወይም ቦርዱን አስቀድሞ ማሞቅ ይሻለዋል። ቺፑን በጉልበት መፈንቀል ፓዶቹን አብሮ ይነቅላል።

የጫፉ መጥቆር

የካውያ ጫፍ ውስጡ መዳብ፣ ላዩ ስስ የብረት ልባጥ ነው። የቀለጠ ቆርቆሮ ብረትን በዝግታ ያሟሟል። በቀድሞው ቅይጥ ውስጥ ቆርቆሮው 63 በመቶ ነበር፤ አሁን ከ96 በመቶ በላይ ነው፣ የሚሠራውም በከፍተኛ ሙቀት ነው። ስለዚህ ጫፍ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ይጠቁራል። የጠቆረ ጫፍ ኦክሳይድ የሸፈነው ነው፤ 400 ዲግሪ ቢሆንም ሙቀት አያሻግርም፣ ብየዳም አይዝለትም።

የጠቆረን ጫፍ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ በብዙ ጠረጴዛ ላይ የሚታይ ልማድ ነው። ለጊዜው ያበራል። ነገር ግን የብረት ልባጡ አንዴ ከተላጠ የቀለጠው ቆርቆሮ ውስጡን መዳብ በፍጥነት ይበላዋል፤ ጫፉ በጥቂት ቀን ይቦረቦራል። ትክክለኛው መንገድ ጫፉን በናስ ሽቦ ማጽጃ ወይም ጨመቅ በተደረገ እርጥብ ስፖንጅ መጥረግ፣ ፍላክስ መንከርና አዲስ ብየዳ ማልበስ ነው። ካውያው ከመጥፋቱ በፊትም ጫፉ ብየዳ ለብሶ መቀዝቀዝ አለበት። ሥራ በሌለበት ሰዓት ካውያውን ሰክቶ መተው ከማንኛውም ነገር በላይ ጫፍ ይጨርሳል።

የደበዘዘ ብየዳ ሁሉ ቀዝቃዛ ብየዳ አይደለም

በቀድሞው ትምህርት የሚያበራ ብየዳ ጥሩ፣ የደበዘዘና ሻካራ ብየዳ ደግሞ ሳይሞቅ የተያያዘ ወይም ሲጠጥር የተነካ ነው ይባል ነበር። ለእርሳሱ ቅይጥ ይህ እውነት ነው። ለአዲሱ ግን አይሠራም። ሳክ 305 ሲቀዘቅዝ ልዩ ልዩ ክሪስታሎች በየተራ ስለሚጠጥሩ መልኩ በተፈጥሮው ደብዘዝ ያለና ሸካራ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ፍጹም ጤነኛ ቦርድም እንደዚያው ነው።

የዚህ ስሕተት ዋጋ ቀላል አይደለም። በድሮው ዓይን የሚያይ ጠጋኝ የማይሠራ ቦርድ ሲመጣለት የደበዘዙትን ሁሉ አንድ በአንድ ዳግም ያቀልጣል። አንድ ብየዳ በቀለጠ ቁጥር ቆርቆሮውና መዳቡ የሚዋሐዱበት ተሰባሪ ንብርብር ይወፍራል፣ ከፓዱ መዳብም ጥቂት ይሟሟል፣ ፓዱን ከቦርዱ ጋር የያዘው ሙጫም ይደክማል። አሥር ጤነኛ ብየዳዎች ሲነካኩ እውነተኛው ስንጥቅ ሳይታይ ሊታለፍ ይችላል፤ ቦርዱም ከመጣበት የባሰ ሆኖ ይመለሳል። በዚህ ጽሑፍ ከተዘረዘሩት ችግሮች ሁሉ በይበልጥ ሊታረም የሚገባው ይህ ልማድ ነው፤ ለማረሙ ገንዘብ አያስፈልግምና።

መታየት ያለበት ብርሃኑ ሳይሆን ጠርዙ ነው። ቅቤ በተቀባ ቆዳ ላይ የወደቀ የውሃ ጠብታ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ባልተቀባው ላይ ግን ተዘርግቶ ጠርዙ ይሳሳል። ብየዳም እንዲሁ ነው። ወደ ፓዱና ወደ እግሩ ተዘርግቶ ጠርዙ እየሳሳ የሚያልቅ ከሆነ፣ ቢደበዝዝም ይዟል። ጠርዙ እንደ ጠብታ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ ቢያበራም አልያዘም። ከዚህ ሌላ በአጉሊ መነጽር የሚፈለገው በእግሩ ዙሪያ የሚታይ የጸጉር ያህል ቀጭን ክብ መስመር ነው። ይህ ስንጥቅ በተለይ እጅ በሚነካቸው ክፍሎች ላይ ይገኛል፤ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የቻርጅ መሰኪያና የኬብል ማሰሪያ ዋነኞቹ ናቸው። ስንጥቁን ለማረጋገጥ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በክፍሉ እግር ላይ፣ ሌላውን ከፓዱ በሚነሣው መስመር ላይ አድርጎ እግሩን በፕላስቲክ ዘንግ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ድምፁ ከተቆራረጠ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ፍላክስ

ፍላክስ የማዕድኖቹን ኦክሳይድ ጠርጎ ብየዳው እንዲዘረጋ የሚያደርግ ነገር ነው። አዲሱ ቅይጥ ለመዘርጋት ስለሚሰንፍ ከቀድሞው ይልቅ ፍላክስ ይፈልጋል። በብየዳ ሽቦው ውስጥ ፍላክስ አለ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሲሞቅ ያልቃል። ስለዚህ የቆየን ብየዳ ዳግም ሲያቀልጡ ሁልጊዜ አዲስ ፍላክስ መጨመር ያሻል። ሁለት እግሮች በብየዳ ሲገናኙም መፍትሔው አንድ ነው፦ ፍላክስ ጨምሮ በንጹሕ ጫፍ መጎተት፤ ትርፉ ከበዛ ደግሞ ፍላክስ በነካ የመዳብ ሹሩባ መምጠጥ።

ለራዲያተርና ለቆርቆሮ ሥራ የሚውለው አሲድ ለሰርኪዩት ቦርድ ፈጽሞ አይሆንም። ብየዳው ወዲያው ያምራል፤ የቀረው አሲድ ግን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ መስመሮቹን በሳምንታት ውስጥ ይበላቸዋል። የፍላክስ ሙጫ የሚገኘው ከጥድ ዛፍ ነው። በዋግ ኽምራ ቆላ፣ በአበርገሌ አካባቢ፣ የእጣን ዛፍ መኖሩ የታወቀ ስለሆነ «እጣኑ አይተካውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይተካውም። እጣን ከሙጫው ጋር በውሃ የሚሟሟ ክፍልና የሚተን ዘይት ያለበት በመሆኑ ሲሞቅ ከስሎ ይቀራል፣ ከሥሩም ብየዳው አይዘረጋም።

ሥራው ሲያልቅ ቦርዱ በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። በፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ባትሪው ከመገናኘቱ በፊት ቦርዱ በደንብ መድረቅ አለበት። አረቄ ለዚህ አይሆንም።

ሁለቱን ቅይጦች ማደባለቅ

እርሳስ ያለበትን ሽቦ በአዲሱ ብየዳ ላይ መጨመር የተለመደ ዘዴ ነው። ክፍልን ለመንቀል ይጠቅማል፤ ድብልቁ ቀደም ብሎ ስለሚቀልጥ ፓዱ ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ግን ድብልቁን በሹሩባ ጠርጎ በአንድ ዓይነት ሽቦ መበየድ ይገባል። በግማሽ የተደባለቀ ብየዳ በአንድ ዲግሪ ሳይሆን በሰፊ የዲግሪ መካከል ቀስ እያለ ስለሚጠጥር፣ በዚያ መካከል ክፍሉ ቢነቃነቅ ይሰነጠቃል።

እውነተኛው አደጋ ያለው ቢስሙት ባለበት ቅይጥ ላይ ነው። 42 በመቶ ቆርቆሮና 58 በመቶ ቢስሙት ያለው ቅይጥ በ138 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ሙቀት በማይችሉ አንዳንድ ክፍሎችና የኤልኢዲ ቦርዶች ላይ ይገኛል። በዚህ ላይ እርሳስ ሲገባ ሦስቱ አንድ ላይ በ96 ዲግሪ የሚቀልጥ አዲስ ቅይጥ ይፈጥራሉ። 96 ዲግሪ ከሚፈላ ውሃ ሙቀት ብዙም የማይርቅ ነው። በጠረጴዛ ላይ በሚገባ ያበራ አምፖል ሲግል ኤልኢዲዎቹ ከቦታቸው ሊላቀቁ ይችላሉ። አንድ ብየዳ ካውያ ገና ሲነካው በሚገርም ፍጥነት ከቀለጠ ቢስሙት መጠርጠር አለበት፤ እርሳስ ያለበት ሽቦም አይቀርበውም።

የፀሐይ መብራት ምሳሌ

የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ የተበላሸ የፀሐይ መብራት ማለት ልጅ ማታ የማያጠናበት፣ ስልክ የማይሞላበት ቤት ማለት ነው። ደግነቱ ከእነዚህ መብራቶች ብዙዎቹ የሚታመሙት በቀላል ብየዳ ነው።

«ፀሐይ ላይ ውሎ አይሞላም» የተባለ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሚለካው ሰሌዳው ነው። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ሆኖ በኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው ቮልት በጀርባው ከተጻፈው ጋር ከተቀራረበ ሰሌዳውና ኬብሉ ደህና ናቸው። ምንም ከሌለ ኬብሉ ከሰሌዳው ጀርባ በሚበየድበት ቦታ ብዙ ጊዜ ተላቋል፤ ከብት ይጎትተዋል፣ ነፋስም ያወዛውዘዋል። ኬብሉ ደህና ከሆነ ተሰክቶ በቦርዱ ላይ ከመሰኪያው እግሮች ጀርባ ይለካል። በኬብሉ ላይ የነበረው ቮልት እዚህ ከጠፋ ጥፋቱ መሰኪያው ወይም ብየዳው ነው፤ ከላይ የተገለጸው ክብ ስንጥቅ እዚያው ይፈለጋል። ቮልቱ ቦርዱ ላይ ከደረሰና ባትሪው ካልሞላ ግን ጉዳዩ ከብየዳ ወደ ባትሪ ወይም ወደ መቆጣጠሪያ ቺፕ ይሸጋገራል።

ካውያ ከመነካቱ በፊት የባትሪው ሶኬት መነቀል አለበት። በሊቲየም ባትሪ ሁለት ጫፎች መካከል ካውያ ወይም የብየዳ ጠብታ ቢያርፍ እሳት ሊነሣ ይችላል። ባትሪው ሶኬት ከሌለውና በቀጥታ የተበየደ ከሆነ አንዱ ሽቦ ብቻ ተቆርጦ በቴፕ ይሸፈናል፤ ሁለቱን በአንድ መቁረጫ አንድ ላይ መቁረጥ ራሱ ማገናኘት ነው። ስንጥቁን ሲጠግኑ በላዩ ብየዳ መጨመር ብቻ አይበቃም፤ አሮጌውን መምጠጥ፣ ፍላክስ መቀባት፣ በአዲስ መበየድ፣ ከዚያም መሰኪያውን ከቦርዱ ጋር በኤፖክሲ ማጠናከር ያስፈልጋል። ብየዳ ኤሌክትሪክ እንዲያሻግር እንጂ ጉተታ እንዲችል አልተሠራም። ፓዱ ተነቅሎ ከሆነ መስመሩን ተከትሎ አረንጓዴውን ቀለም ጥቂት ፍቆ ቀጭን ሽቦ ማያያዝ ይቻላል፤ አያምርም፣ ግን ይሠራል።

«ማሞቅ»

የወደቀ ስልክ ሲጠፋ ቦርዱን ወይም ዋናውን ቺፕ በብሎወር ማሞቅ በስልክ ጥገና የተለመደ ነው። ከቺፑ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ የብየዳ ኳሶች አሉ። ከእርሳስ ነፃ የሆኑት ኳሶች ጠንካሮች ግን ድርቅ ያሉ ስለሆኑ ስልኩ ሲወድቅ በጠርዝ በኩል ያሉት ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ሙቀቱ ቦርዱን ሲያለጥጠው የተሰነጠቁት ፊቶች ለጊዜው ይነካካሉ፤ ስልኩ ይነሣል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይሄዳል። ብየዳው ግን ካልቀለጠ አልተጠገነም፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ቢቀልጥም ከሥሩ ንጹሕ ፍላክስ ካልገባ ኦክሳይድ የለበሰው ስንጥቅ በደንብ አይዋሐድም። እውነተኛው ጥገና ቺፑን አንሥቶ፣ ፓዶቹን አጽድቶ፣ ኳሶቹን በአዲስ ሠርቶ መመለስ ነው፤ ለዚህ መሣሪያውም ልምምዱም ያስፈልጋል። መሣሪያው የሌለው ሱቅ ማሞቁ ለምርመራ ብቻ መሆኑንና መረጃው ቶሎ እንዲገለበጥ ለባለቤቱ ቢነግረው ሐቀኛ አሠራር ይሆናል።

ጤና

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም ይላል፤ ይበልጥ የሚጎዱትም ሕፃናት ናቸው። በካውያ ሙቀት እርሳስ ይህን ያህል አይተንም። ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በእጅ ነው፤ እንጀራ በእጅ በሚበላበት አገር ይህ ተጨማሪ ክብደት አለው። እርሳስ ያለበትን ሽቦ የነካ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ሽቦውን በጥርስ መያዝ፣ በብየዳ ጠረጴዛ ላይ መብላትም መቅረት አለበት።

ሽቦው ከእርሳስ ነፃ ሲሆን ይህ ስጋት ይወገዳል፤ ጭሱ ግን ይብሳል። ጭሱ የፍላክሱ ሙጫ እንጂ የማዕድኑ አይደለም። አዲሱ ዘዴ ብዙ ፍላክስና ከፍ ያለ ሙቀት ስለሚፈልግ ጭሱም ይጨምራል፤ የሙጫ ጭስ በየቀኑ ለሚስበው ሰው አስም ሊያመጣ እንደሚችል የታወቀ ነው። በጠባብ ሱቅ ውስጥ ጭሱን ከፊት ወደ ውጭ የሚገፋ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ማራገቢያ ብዙ ይረዳል።

ከብየዳ የሚተርፈው ፍንጣሪ፣ የጠገበ ሹሩባና የስፖንጁ ቆሻሻ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣልም፤ አይቃጠልምም። ክዳን ባለው ጣሳ ይጠራቀማል፣ ጣሳውም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። ሁለቱንም ዓይነት ሽቦ የሚጠቀም ጠጋኝ ጫፉን፣ ስፖንጁንና ሹሩባውን ለየብቻ ቢይዝ ቅይጦቹ እንዳይደባለቁም ይረዳዋል።